የድንጋዩን በረትና የወንዙን ግማሽ የሸጥን ጊዜ

መሬቱን ለመሸጥ የቆረጥኩት በረቱ ጣሪያ ላይ ቆሜ በረዶ እየዛቅኩ ሳለ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ በረዶው ያ ደረቁና እንደ ዱቄት የሚበነው አይደለም፣ ውሃ ጠጥቶ አካፋ ላይ እንደ ሲሚንቶ የሚከብደው ነው። መሬቱ አጠገብ የምትኖረው ጎረቤታችን ዓርብ ከሰዓት ደውላ «የጣሪያችሁ እንጨት ጎብጧል፣ በረዶው ካልተነሳለት ይወርዳል» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ኦስሎ፣ ሮመን ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቼ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ነዳሁና ደረስኩ። መሰላሉን ራሴ አቆምኩ። ወገቤን በገመድ አሰርኩና የገመዱን ጫፍ ከበረቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ጋር ቋጠርኩት። ብወድቅ ገመዱ ይይዘኝ ይሁን ወይስ ለሁለት ይቆርጠኝ አላውቅም ነበር።

ግማሹን ጠርጌ ቀና ስል አካፋውን በረዶው ላይ ተክዬ ተደገፍኩበት። ፍርሃት አይደለም። ከሃምሳ ያለፍኩ ሴት ነኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባርነሃገ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ የሰው ልጆች ሳነሳና ሳስቀምጥ፣ የበረዶ ቱታ ሳለብስና ሳወልቅ ውዬ እመጣለሁ። ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ይሄ መሬት ይወስደዋል። ከበታቼ ሜዳው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ወንዙ ከነድምፁ በረዶ ስር ገብቷል፣ ሰው የሚባል የለም። ጮክ ብዬ በአማርኛ «በቃኝ!» አልኩ። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ጠርጌ ወረድኩ። ምን ይደረግ፣ ገና አልተሸጠም።

መሬቱ ሲገዛም የኔ ሐሳብ አልነበረም። ባለቤቴ እዚህ ኦስሎ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አብሮት የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ኖርዌጂያን፣ ጡረታ ሊወጣ የቀረበ፣ አንድ በጋ ወደ አባቱ አገር ዓሣ ለማጥመድ ይዞት ሄደ። ዋናው እርሻ ድሮ ለጎረቤት ተሸጧል። ለሽማግሌው የቀረችው ወንዝ ዳር ያለች የግጦሽ መሬትና አያቱ የገነባው የድንጋይ በረት ነበረች። ልጆቹ አልፈለጓትም። ባለቤቴ እዚያ አንድ ቀን ውሎ መጣና፣ ሌላም ጊዜ ሄዶ መጣና፣ አንድ ምሽት ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣

«ወንዝ ልገዛ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ወንዝ። ግማሹን። ወዲያ ማዶ ያለው የሌላ ሰው ነው፤ እስከ መሃሉ ግን የኛ ይሆናል።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ባለቤቴ ከደሴ ወረድ ብላ ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ውሃ ለኔ በጀሪካን የሚመጣ ነገር ነው። እሱ ግን እግሩ ከሐይቁ ሳይወጣ ነው ያደገው፣ ቆሮሶ ዓሣ እያጠመደ፣ እየሸጠ፣ እየተባረረም ጭምር። «እኛ አገር መሬት አይሸጥም አይለወጥም ሲባል ነው ያደግነው» አለኝ ያን ምሽት። «እዚህ ሰዎቹ ውሃውን ራሱ በስምሽ ይጽፉልሻል። ዓሣውን ማንም መጥቶ ለምን ያዝክ አይለኝም።» እኔ ደግሞ ደሴ ላይ ቤት እንድንሠራ ነበር የምፈልገው። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ እሱ አሸነፈ። እኔ ተሸንፌ አይደለም፤ ጭቅጭቅ ሰልችቶኝ ነው።

ውሸት አይሁንብኝና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግ ነበሩ። በረቱ የተሠራው ከሜዳው ላይ ተለቅሞ በወጣ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳው የክንድ ርዝመት ያህል ውፍረት ስላለው በሙቀት ቀን ሲገቡ ቅዝቃዜው ፊትን ይነካል። ባለቤቴ ጥጉን በጣውላ ከልሎ አልጋና ምድጃ ያላት ክፍል ሠራልን። ልጃችን ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ከንፈሯ እስኪቀልም ሰማያዊ የጫካ ፍሬ እየበላች ትውላለች። ሜዳው ላይ የጎረቤታችን በጎች ይግጣሉ። የግጦሽ መሬት ጦም እንዳያድር ሕጉ ያስገድዳል፤ ሳር ከበዛበትና ቁጥቋጦ ከወረሰው ኮሙኑ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ይጠይቃል። ስለዚህ በጎቹ ለሷም ለኛም ጥቅም ነበሩ። ባለቤቴ ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይቆማል። የሚይዘው ዓሣ እዚህ ኦረት የሚሉት ነው፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለው። እቤት ይዞ ሲመጣ ለሮመን ጎረቤት ሁሉ ያድላል። «ከወንዜ ነው» ይላል ለእያንዳንዱ፣ በየበሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። አላህ ይመስገን መሪ ይዞ አልነበረም፤ እረፍት ላይ፣ አውቶቡሱ ደጃፍ ቆሞ ሳለ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ንግግሩ ተመልሷል፤ ግን እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ ሄዶ እንደሚያመጣው ነው። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ወይ እኔ አለሁ፣ ወይ ልጃችን፣ ወይ ኮሙኑ የሚልካት ረዳት።

መሬቱም እንደሱ ሰው ጠባቂ ሆነ። በፀደይ በረዶ የገፋውን አጥር ማቃናት አለ። በበጋ ቁጥቋጦ መቁረጥ፣ በመከር የጣሪያውን ቆርቆሮ መምታት፣ በክረምት ከላይ የነገርኳችሁ። በአካፋና በመዶሻ ቋንቋ እንኳ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ጎረቤታችን ደውላ «አጥሩ ወድቆ በጎቹ መንገድ ላይ ናቸው» ስትለኝ፣ እኔ ሮመን ላይ የሰው ልጅ አፍንጫ እየጠረግኩ ነው። ይቅርታ እላታለሁ። ቅዳሜ እመጣለሁ እላታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩ።

ከጣሪያው በወረድኩ ማግስት፣ እሑድ፣ ባለቤቴ ኩሽና መስኮቱ አጠገብ እንደ ልማዱ ተቀምጧል። ሻይ ቀድቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«መሬቱን ልንሸጠው ነው» አልኩት። ልንሸጠው አልኩ እንጂ ልሸጠው ማለቴ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

ጠበቅኩት። ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ መጠበቅ ለምጃለሁ።

«ሽጪው» አለ።

ቶሎ አለኝ። ለክርክር ተዘጋጅቼ ስለነበር እንዴት እንደምቀጥል ጠፋኝ። ስለ ወገቤ ነገርኩት፣ ስለ ጣሪያው እንጨት ነገርኩት፣ ገመዱን ዛፍ ላይ እንዳሰርኩ ነገርኩት። እያዳመጠ የቀኝ ጣቶቹን በግራ እጁ ያሻሻል። ስጨርስ፣

«ውሃው ግን ይቅር» አለ።

«እንዴት ይቅር?»

«መሬቱን ሽጪ። በረቱንም። ውሃው… የኔ ይሁን።»

መግለሩ፣ ማለት የቤትና የመሬት ደላላው፣ ጠቆር ያለ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነበር። አገሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ በሚያብረቀርቅ የከተማ ጫማ መምጣቱ አሳዘነኝ። ከሰማይ ፎቶ የሚያነሳ ትንሽ ማሽን አስነስቶ ሜዳው ላይ አዞረ፤ የጎረቤታችን በጎች ደንብረው አንድ ጥግ ታጨቁ። የባለቤቴን ጥያቄ አቀረብኩለት። ራሱን ነቀነቀ።

«አይቻልም። የዓሣው መብት የመሬቱ ነው፤ መሬቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ለተወሰኑ ዓመታት ማከራየት ይቻላል፣ ቆርጦ ለራስ ማስቀረት ግን ሕጉ አይፈቅድም።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ደግሞም ገዢ የሚመጣው ለወንዙ ብሎ ነው።»

ይህንን ለባለቤቴ ስነግረው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «እንግዲያ ሁሉንም ውሰዱት» አለ። ውሰዱት አለ። እኔንም ከደላላው ጋር ደመረኝ።

ልጃችን አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ ነርስነት ትማራለች። ጋምለ ኦስሎ የሚባል ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ወሬውን ሰምታ በዚያው ሳምንት መጣች። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታወልቅ፣

«ነይ! ነይ ማማ!» አለች። በኖርሽክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አይሆንም ማለቷ ነው። ሃያ ዓመት ሰምቼው አሁንም መጀመሪያ ጆሮዬ የሚገባው በአማርኛ ነው፤ ወዴት ነው የምትጠራኝ እላለሁ። «አትሸጪውም። እዛ ነው እኮ ያደግኩት። የኔ ባርንዶም ነው!»

«ልጅነትሽን ካየሽው ስንት ጊዜሽ ነው?»

ጫማዋን ማውለቅ ቀጠለች። አባቷ ከታመመ ወዲህ እግሯ እዚያ ረግጦ አያውቅም።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «ያ፣ ሪክቲግ፣ አዎ የምሬን ነው፣ እኔ እይዘዋለሁ። ምን ምን እንደሚሠራ አሳዪኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። በረዶው ቀልጦ ነበር። የታችኛው አጥር ከመሬት ተነቅሎ ተጋድሟል። ምሰሶ መትከል ጀመርን፤ እኔ እይዛለሁ፣ እሷ በከባዱ መዶሻ ትመታለች። ጎበዝ ናት፣ ምንም አልልም። መጀመሪያ እየሳቀች መታች። ከዚያ ሳቋ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ጓንቷን ስታወልቅ መዳፏ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱም ፈርጧል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የቀረውን አጥር ዓይኗ እስከደረሰበት ድረስ ተመለከተችው።

«ማማ፣ አንቺ ይሄን ብቻሽን ነው የምታደርጊው?»

«ያ» አልኳት።

እንባዋ መጣ። እጇን በወንዙ ውሃ አጥቤ በመሃረብ አሰርኩላት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ተኛች፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ልጅነቷ። ከዚያ በኋላ ስለ መሸጡ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ቪስኒንግ የሚሉት፣ ገዢዎች መጥተው የሚያዩበት ቀን፣ ዝናብ ሆነ። ከዋዜማው ሄጄ የበጎቹን በጠጥ ዝቄ፣ የሸረሪቱን ድር ጠርጌ፣ በረቱን አጽድቼው ነበር። ደላላው ማስታወቂያው ላይ «ነፍስ ያለው የድንጋይ በረት» ብሎ ጽፏል። ነፍሱ እንኳ እኔ ነበርኩ።

ባለቤቴ እመጣለሁ ብሎ መጣ፤ ስንደርስ ግን ከመኪናው አልወርድም አለ። መስታወቱን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተቀመጠ። አልለመንኩትም። የሚለምን ጉልበት አልነበረኝም።

ብዙ ሰው አልመጣም። አንድ ሽማግሌ የጣሪያውን እንጨት በቢላው ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ሄደ። ቀጥሎ ከኦስሎ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ አዲስ የዝናብ ልብስ የለበሱ። ሴትየዋ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች። «ይሄን ግድግዳ ከፍተን መስታወት እናደርገዋለን፣ ወንዙ እንዲታይ» አለች ለባሏ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያንን ግድግዳ ለማፍረስ የሚፈጀውን ጉልበት ሳስብ ትከሻዬን አመመኝ።

ባልየው ወደ እኔ ዞሮ «ዓሣው እንዴት ነው?» አለ።

«እኔ አላውቅም። ባለቤቴ ነው የሚያውቀው።»

«የት አለ?»

«መኪና ውስጥ።»

ሰውየው ወደ መኪናው ሄደ። ይሸማቀቅብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ባለቤቴ ንግግሩ ስለሚጎተት ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራት አይወድም። በረቱ በር ላይ ቆሜ ሳይ ግን መስታወቱ ወደ ታች ወረደ። የባለቤቴ ግራ እጅ ወጣ፤ ወደ ትልቁ ድንጋይ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ መታጠፊያው፣ ከዚያ ወደ ላይ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ዝናቡ አንገቱ ውስጥ እየገባ ነው። አያቋርጠውም፣ ቃል አያቀብለውም፣ ይጠብቃል። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ እጁን ብቻ አወዛወዘላት።

ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ገብቼ «ምን ስታወሩ ነበር?» አልኩት።

«ኦረቱ የት እንደሚተኛ» አለ። ቆየት ብሎ «ሰውየው ይሰማል» አለ።

ጎረቤታችን ወደ ማብቂያው ላይ መጣች፣ ቦት ጫማዋን እየጎተተች። ከኔ ትበልጣለች፤ ዳሌዋ ታሞ ቀዶ ጥገና ትጠብቃለች። ልጆቿ እንደኛዋ ኦስሎ ናቸው። ደላላው ሄዷል። በረቱ ውስጥ ሁለት ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥንና በምግብ ሳጥኗ ያመጣችውን ቡኒ አይብ የተቀባ ዳቦ ለሁለት ተካፈልን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ደክሞሻል» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ደክሞኛል» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ብዙ የማንነጋገር ሰዎች ነን፤ የምንገናኘው አጥር ሲወድቅ ነው። ስትነሳ በሩን ይዛ ቆመች። «እኔም ዋጋ ላቀርብ አስቤያለሁ። እንድታውቂው ብዬ ነው። ከከተማ ሰዎቹ ጋር እኩል መሄድ አልችልም፤ ግን በጎቼ በበጋ ሌላ ቦታ የላቸውም።»

ጨረታው በስልክ ነው። ደላላው በየጊዜው ይደውላል፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። ልጆቹን ከቤት ውጭ የምናወጣበት ሰዓት ነበር፤ ፊት ለፊቴ አሥር ልጆች ቱታ ለመልበስ ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ዚፕ እዘጋለሁ፣ «ሃሎ» እላለሁ፣ «ባልና ሚስቱ ጨመሩ» ይላል፣ የሌላዋን ጓንት አጠልቃለሁ። ስልኩ እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ «ጎረቤትሽ ጨመረች» ይላል። ልጆቹ ግቢ ወጥተው አሸዋ ላይ ሲበታተኑ ለመጨረሻ ጊዜ ደወለ። ጎረቤታችን መጨመር አቁማለች። ባልና ሚስቱ ብዙ በልጠዋል። «ለማን እንደምትሸጪ መምረጥ ያንቺ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት አስቢበት» አለኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። አላመነታም።

«ለጎረቤታችን ስጫት።»

«ለምን?»

«በጎቹ… ለምደውታል። እሷ ደግሞ… ዓሣ አትከለክለኝም።»

«ብሩስ? እኔ እኮ ሥራ ልቀንስ ፈልጌ ነው። በሙሉ ሰዓት ልቀጥል አልችልም፣ ወገቤን አታየውም?»

«አላህ ይሰጣል።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ከታመመ ወዲህ ጮኼበት አላውቅም ነበር። «ቸርነቱ ያንተ፣ አካፋው የኔ!» አልኩት። «ሦስት ዓመት አላህ የሰጠው እኮ በኔ ጀርባ ነው። ገመድ አስሬ ጣሪያ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ! አንተ ወንዝህን ስታስብ እኔ ቆርቆሮ እመታለሁ!» ሌላም ብዙ ብያለሁ። እሱ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልመጣለትም። ቃሉን ሲፈልግ እያየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልጠበቅኩትም። ተነስቼ ወደ መኝታ ቤት ሄድኩ።

ጠዋት ለደላላው ደውዬ ለባልና ሚስቱ አልኩት።

ከዚያ ለጎረቤታችን ደወልኩ። ከሌላ ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ ነው። ከጀርባዋ ትራክተር ይሰማል። «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው» አለች። ግጦሹን እንዲያከራዩዋት ለገዢዎቹ እንደምነግራቸው ነገርኳት። ነገርኳቸውም። እነሱ በግ የላቸው፣ መሬቱን ደግሞ ሕጉ ጦም አያሳድርም፤ ወዲያው ተስማምተው የረጅም ዓመት ውል ጻፉላት። በጎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ባለቤቴ ይህን ስነግረው «ጥሩ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ቁልፍ ያስረከብነው በበጋው መጀመሪያ ነው። ልጃችን ነዳች። ከጥጉ ክፍል አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቶቹን አወጣን። የባለቤቴን የዓሣ ዘንጎች አንስቼ ወደ መኪናው ስሄድ «ተያቸው» አለኝ። «ሰውየው ይጠቀምባቸው።» ዘንጎቹን መልሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው።

ገዢው ሰውዬ እየሮጠ መጣና የባለቤቴን ግራ እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «በፈለግክበት ቀን ና። መደወል እንኳ አያስፈልግህም። ወንዙ ያንተም ነው» አለው። ከልቡ ነው ያለው፣ ፊቱ ያስታውቃል። ባለቤቴ «ቱሰን ታክ» አለ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ከዚያ ብቻውን፣ በከዘራው፣ ወንዙ ዳር ወረደ። ልጃችን ልትከተለው ስትል ያዝኳት። ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።

መንገዱ ተጋምሶ ልጃችን «አባዬ፣ በሚቀጥለው ወር ይዤህ ልምጣ? ሰውየው ና ብሎሃል እኮ» አለችው።

«አልመጣም።»

«ለምን?»

ብዙ ቆየ። የጠፋበት ቃል ነው ብዬ ነበር፤ ቃሉ ግን አልጠፋበትም።

«በሰው ውሃ ላይ… እንግዳ ሆኜ አልቆምም» አለ።

በጋው ከበደ። ቅዳሜ ሲመጣ የምሄድበት የለም። ሥራዬን ቀንሻለሁ፤ ያረፍኩ ግን አልመሰለኝም። ሰው ሲሮጥ የማይሰማው ሕመም ሲቆም ነው የሚነሳው። ወገቤ፣ ትከሻዬ፣ የእጄ አንጓ ተራ በተራ ተነሱብኝ። እንቅልፉም ጉድ ነው። ሱብሂ ሰግጄ ጋደም እላለሁ፣ ስነቃ ግማሽ ቀን ሄዷል። ባለቤቴ አይቆጣኝም፣ አያወራኝምም። «ሻይ?» ስለው «እሺ»፣ «ትበላለህ?» ስለው «ቆይ»። መስኮቱ ጋ ይውላል። ይቅርታ ልጠይቀው እልና ለምኑ እላለሁ። መሸጡ ልክ ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ የምመልሰው ይህንኑ ነው። የጮህኩትም ነገር ውሸት የለውም። ግን ልክ መሆን አያጫውትም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የደከሙ ሰዎች፣ አንዱ ተኝቶ አንዱ ተቀምጦ።

ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ ከእንቅልፌ ብነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ሳሎን የለም። መታጠቢያ ቤት የለም። ኩሽና ወንበሩ ባዶ ነው። ጃኬቱም ከዘራውም ከቦታቸው የሉም። በነጠላ ጫማ ደረጃውን እስከ ታች ወርጄ ግቢውን አየሁ። ደወልኩለት። ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል አነሳው።

«የት ነህ?»

«ሮምሶስ።»

ሮምሶስ ከኛ በቲባነ፣ በከተማው ባቡር፣ አንድ ፌርማታ ነው። ለሌላ ሰው አንድ ፌርማታ ነው።

«ማን ወሰደህ?»

«ማንም። ባቡሩ።»

«ብቻህን? ደረጃውንስ? ብትወድቅስ?»

«አልወደቅኩም።»

ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጫጫታና የንፋስ ድምፅ ይሰማል። ከፎቆቹ ጀርባ፣ ጫካው ውስጥ፣ ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ሰው በጋሪም በከዘራም የሚዞራት። ልጃችንን ጋሪ ውስጥ አድርገን ወስደናት እናውቃለን።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ተቀምጫለሁ። አንድ ሰውዬ… አጠገቤ ዘንግ ይዟል። ፓኪስታናዊ ነው መሰለኝ።»

«ያዘ?»

«ኧረ ምንም። ቦታው ልክ አይደለም።» ትንፋሽ ወሰደ። «ነግሬዋለሁ። አይሰማም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቅ አልለውም፣ ብቻ ከወራት በኋላ ከሁለት ቃል በላይ ያወራኝ ያኔ ነው።

«ልምጣ?» አልኩት። «ጃኬት ልልበስና ልምጣ?»

ጠበቅኩት። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ንፋሱ ይነፍሳል።

«አይ» አለኝ። «ግቢና ተኚ። ሲበርደኝ እመጣለሁ።»